ዴይተን ሙዚየም ላሉት አዛውንት አስጎብኚ ምስጋና

ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስና አካባቢው ያላችሁ፣ ከአገር ቤት ቤተሰብ መጥቶባችሁ «የት ልውሰዳቸው?» ብላችሁ ከተጨነቃችሁ ይቺን አንብቡ።

አባቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበር። ቅዳሜ ዴይተን ወዳለው የአየር ኃይል ሙዚየም ወሰድኩት። መግቢያው በነፃ ነው፣ መኪና ማቆሚያውም እንዲሁ። «ሌዲ ቢ ጉድ» የምትባለው ቢ-24 ቦምብ ጣይ ታሪክ ጋ ስንደርስ ግን አባዬ አልንቀሳቀስ አለ።

አንድ በጎ ፈቃደኛ አዛውንት አስጎብኚ ጠጋ አሉን። እንግሊዝኛ እንደማይገባው ሲያዩ ንግግራቸውን ቀነስ አደረጉ። እኔ እስክተረጉም ዝም ብለው ይጠብቃሉ። (ሸምድዶ የሚሮጥ አስጎብኚ ስንቱን አይቻለሁ!)

አውሮፕላኗ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1943 ከሊቢያ፣ ከሶሉክ ተነስታ ኔፕልስን ልትደበድብ ሄደች። ለተሳፈሩባት ዘጠኝ ወታደሮች የመጀመሪያ ግዳጃቸው ነበር። ሲመለሱ ጨለማ ነው። መሬት ላይ ያለውን ጣቢያ በሬዲዮ አቅጣጫ ጠየቁ።

«ታዲያ እንዴት ሳቱት?» አለ አባዬ።

ሰውዬው ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ። የጣቢያው አንቴና መስመሩን ያሳያል እንጂ አውሮፕላኑ በየትኛው ጫፍ እንዳለ አይለይም። መሬት ላይ ያሉት ገና ባሕሩ ላይ ናቸው ብለው አሰቡ። እነሱ ግን የጦር ሰፈራቸውን አልፈው በረሃ ገብተዋል። አባቴ ሳልተረጉምለት ራሱን ነቀነቀ። እጃቸውን አይቶ ገባው።

ነዳጁ ሲያልቅ በፓራሹት ዘለሉ። የአንዱ በደንብ አልተከፈተም። የቀሩት ግማሽ ኮዳ ውሃ ይዘው፣ በቀን አንድ ክዳን እየተጎነጩ ወደ ሰሜን ተጓዙ። ረዳት አብራሪው ሮበርት ቶነር ስምንት ቀን ማስታወሻ ጽፏል። አውሮፕላኗ ደግሞ ያለ አብራሪ ከኋላቸው፣ በደቡብ በኩል አሸዋው ላይ አርፋለች። ውሃ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ስትገኝ ሬዲዮዋ ይሠራ ነበር። ይህን ስተረጉም አባዬ «ኧረ በስመ አብ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኚህም ሰው አልቸኮሉም፤ እስኪመለስ ጠበቁት።

ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ቅዳሜ ጠዋት ከሄዳችሁ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አዳራሽ ውስጥ፣ ሮዝማ ቀለም ያላት ሌላ ቢ-24 አካባቢ ፈልጓቸው። ጃኬት ያዙ፣ አዳራሹ ይበርዳል።

የስምንቱ አስከሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ተገኝቷል። የዘጠነኛው፣ የቨርነን ሙር ግን እስካሁን በይፋ አልተገኘም። አባቴ ስሙን በአማርኛ አስጽፎኝ ወረቀቷን ኪሱ ከተታት።