ኬቶሬዳክቴዝ እና ኢኖይልሬዳክቴዝ፦ ማን ምን ይሠራል?

ሁለቱም ፖሊኬታይድ የሚባሉ የተፈጥሮ ውህዶችን የሚሠሩ ትላልቅ ኢንዛይሞች ክፍሎች ናቸው። ሃይድሮጂን የሚያገኙትም ከኤንኤዲፒኤች ነው፤ ይህ በሴል ውስጥ ሃይድሮጂን የሚያቀብል ሞለኪውል ነው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ቀዳሚው ኬቶሬዳክቴዝ ነው። እያደገ ባለው የፖሊኬታይድ ሰንሰለት ላይ ያለውን ኬቶን (ካርቦን ከኦክስጅን ጋር በድርብ ትስስር የተያያዘበትን ቦታ) ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ሃይድሮክሲሉ (የአልኮሉ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን) በየት በኩል እንደሚዞር የሚወስነውም እሱ ነው። ለእኔ ዋናው ጨዋታ እዚህ ጋ ነው፤ አቅጣጫው ከተቀየረ የሚወጣው ሞለኪውል ሌላ ነው።

የኢኖይልሬዳክቴዝ ተራ የሚደርሰው ዲሃይድራቴዝ የሚባለው ሌላ ክፍል ከአልኮሉ ውሃ ካስወጣ በኋላ ነው። የቀረውን የካርቦን ለካርቦን ድርብ ትስስር ነጠላ ያደርገዋል፣ አለቀ።

ኤሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ቀለበት የሚሠራውን ኢንዛይም እንይ። ከ6 ሞጁሎቹ (እያንዳንዳቸው ሰንሰለቱን አንድ ደረጃ ከሚያስረዝሙት ክፍሎቹ) ኢኖይልሬዳክቴዝ ያለው 4ኛው ብቻ ነው። 3ኛው ላይ ደግሞ ኬቶሬዳክቴዝ የሚመስል ክፍል አለ፤ ኬቶኑን ግን ወደ አልኮል አይቀይረውም። እንዳለ ያልፋል።