ለእናቴ የሞቀ ውሃ ላስገኘልን ኤሌክትሪሻን፦ ምስጋና ከደሴ

የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በተለይ የኅዳርና የታኅሣሥን ንጋት። እናቴ ቁርጥማት አለባት። ለሱብሂ ውዱእ የምታደርገው ግን በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። አምና ተጠራቅመን ባለ 50 ሊትር ቦይለርና የክፍል ማሞቂያ ገዛንላት። ደስታችን ሳምንት አልቆየም።

ምጣዱ፣ ቦይለሩና ማሞቂያው አብረው ሲበሩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ መብራቱም ይጠፋል። አንድ ባለሙያ ጠራን። 32 አምፔር የነበረውን ዋና ብሬከር ነቅሎ ባለ 63 ገጠመ። «አሁን አይወርድም» አለን። እውነትም አልወረደም። በሁለተኛው ሳምንት ግን የምጣዱ ሶኬት ቀልጦ ቤቱን ጭስ ሞላው። ልጆቹ ተኝተው ነበር። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ብንደውልለት ስልክ አላነሳም። ሁለተኛው ደግሞ ቤቱን በቅጡ ሳያይ «ሶስት ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኃይል) ካላስገባችሁ አይሆንም» ብሎ ሄደ። እናቴ «ተዉት፣ እንደለመድኩት ይሁን» አለች። ያንገበገበኝ ይሄ ንግግሯ ነው።

ከዚያ ጎረቤት ይህን ልጅ ጠቆመን። ስሙን እዚህ እንዳላወጣው ለምኖኛል። ሲገባ ፒንሳ አላወጣም። እናቴ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ደብተር አወጣ። «እማማ፣ እንጀራ በስንት ቀን ይጋግራሉ? ስንት ሰዓት ላይ? ለሶላትስ መቼ ይነሳሉ?» እያለ ጠየቃት። ቤታችን ከገቡት ሁሉ እሷን የጠየቀ እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ በየዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት እየዞረ መዘገበ። ምጣዱ 3500፣ ማሞቂያው 2000፣ ቦይለሩ 1500። ድምሩ 7000። ለ220 ቮልት ሲያካፍለው 32 አምፔር ሊሞላ ምንም አልቀረው። «ፍሪጁና መብራቱ ገና አልተቆጠሩም» አለ። ለካ ብሬከሩ የሚወርደው ተበላሽቶ ሳይሆን ገመዱ እንዳይቃጠል ነው! «አብሽሩ፣ ሂሳብ ነው» አለን። 63ቱን አውልቆ 32 መለሰ። ለምጣዱና ለቦይለሩ ወፈር ያለ ገመድ ለየብቻ ዘረጋ። ስለ ኧርዝም (ወደ መሬት ስለሚወርደው የደህንነት ገመድ) ብዙ አስረድቶኛል፣ እሱን ግን አልያዝኩትም። ሶስት ፌዝ አላስፈለገንም። ቦይለሩ ከሱብሂ በፊት ለ2 ሰዓት ያህል እንዲሠራ በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ገጠመለት። እንጀራ ሲጋገር ማሞቂያው ይጠፋል፣ በቃ።

ሂሳቡን ከተቀበለ በኋላም አልሄደም። ምጣዱንና ቦይለሩን አብርቶ፣ ሶኬቱ እንዳይግል እየተከታተለ አንድ ሰዓት ቆየ። እናቴ ቡና አፈላችለት። በማግስቱ ጠዋት ደወለ። እኔን ፈልጎ አይደለም። «እማማን አገናኙኝ» አለ። «ውሃው ሞቀልዎት?»

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ አሠሩት። ቦይለር ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉለት፣ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም። ደግሜ እላለሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። እናቴ ዛሬም ሱብሂ ላይ ስምህን ጠርታ ዱዓ አድርጋልሃለች።