ለቦይለር የሚሆን ታይመር፦ ሜካኒካል ወይስ ዲጂታል?

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ለቦይለሩ ታይመር (በተሞላለት ሰዓት የሚያበራውና የሚያጠፋው መሣሪያ) ሊገዛ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋን ነው። በእኔ እምነት ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ታይመሩ ሰዓቱን ያውቃል ወይ የሚለው ነው።

ሜካኒካሉ ታይመር በ24 ሰዓት አንድ ዙር የሚዞር ገበታ ሲኖረው፣ በዙሪያው ያሉት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው የ15 ወይም የ30 ደቂቃ ናቸው፤ እነርሱን በጣት በመጫን ወይም በማንሳት ቦይለሩ የሚበራበት ጊዜ ይወሰናል። አጠቃቀሙ ቀላል ስለሆነ እናትና አባት ያለ ማንም እርዳታ ያስተካክሉታል፤ ገበታውንም በእኛ የሰዓት አቆጣጠር መሙላት ይቻላል። ይሁንና ገበታውን የሚያዞረው የመስመሩ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ መጠባበቂያ ባትሪ የሌለው ዓይነት መብራት ለ3 ሰዓት ቢጠፋ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲያበራ የሞላሁት ታይመር፣ መብራት በተቆራረጠበት አንድ ሳምንት ውሃውን ሲያሞቅ የተገኘው ሁላችንም ከቤት ከወጣን በኋላ ነበር።

ዲጂታሉ በውስጡ ባለው ትንሽ ባትሪ ሰዓቱንም የተሞላለትንም ፕሮግራም ይዞ ይቆያል፤ እሑድን ከሥራ ቀናት ለይቶ መሙላትም ያስችላል። ጉድለቱ ቁልፎቹ ትንንሽ መሆናቸውና ባትሪው ከዓመታት በኋላ መድከሙ ነው። የእኛ ሌሊት 10 ሰዓት በእርሱ 04:00 መሆኑም አይዘንጋ። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ምርጫዬ ይኸው ነው፤ ቀላሉን የሚፈልግ ሰው መጠባበቂያ ባትሪ ያለውን ሜካኒካል ጠይቆ ይግዛ።

ሶኬት ላይ የሚሰካውን ርካሽ ታይመር ለቦይለር አልመክርም። 2000 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ለሰዓታት ስለሚስብ፣ የላላ ሶኬት ግሎ ሊቀልጥ ይችላል።

የሚፈለገውን ጊዜ ማስላት አይከብድም፤ 80 ሊትር ውሃን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ 1500 ዋት ቦይለር 3 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ይሠራል፤ 50 ሊትሩ ግን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ታይመሩ የሚያድነው ውሃው ሳይፈለግ ሞቆ ሲቆይ የሚባክነውን ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ ጥሩ ሽፋን ያለው ቦይለር ያለው ሰው ከቆጣሪው ብዙ ቅናሽ አይጠብቅ።

የትኛውም ቢመረጥ 16 አምፔር የሚችል መሆኑን በታይመሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ለሚስብ ቦይለር ታይመሩ ኮንታክተርን (ከፍተኛ አምፔር የሚችል፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) እንዲያዝ ይደረጋል። በተለመደው አሠራር ፌዙ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) ከቦይለሩ የራሱ ብሬከር ተነስቶ በታይመሩ በኩል ያልፋል፣ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) በቀጥታ ይሄዳል፣ የግራውንዱ ሽቦ ደግሞ የትም አይቋረጥም። ሥራው የባለሙያ ነው፤ ታይመሩም ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። ውሃው በበቂ ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ቴርሞስታት እንዳለ ይቆያል፣ ታይመር አይተካውምና። ታይመር የውሃን መኖርና አለመኖር ስለማያውቅ፣ ቦይለሩ ለጥገና በተራገፈ ጊዜ ብሬከሩን አጥፍቶ መተው የባለቤቱ ፈንታ ነው።