ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጭንቀት ላይ ለምትሠራው እህታችን ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በልዩ ፍላጎት ትምህርትና በንግግር ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ልጆችን የምንልክላትን አንዲት የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ በአደባባይ ልናመሰግናት፣ ለወላጆችም ልንጠቁማት ፈልገን ነው። ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀችን አናወጣውም። «ጎበዝ ናት» ብሎ ማለፍ ግን ለማንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ ምን እንደምታደርግና ለምን እንደምታደርገው፣ ምን ላይ ደግሞ እጇን እንደማታስገባ እንናገር። ሌላ ባለሙያ ጋ የምትሄዱም በዚህ መመዘን ትችላላችሁ።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ታዳጊዎች ላይ ጭንቀት እጅግ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 31 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት የጭንቀት ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከሁሉም በላይ የተገኘው እንደ ውሻ፣ መርፌ ወይም ነጎድጓድ ያለ አንድ የተለየ ነገርን አጥብቆ መፍራት ሲሆን እሱ ብቻውን 30 በመቶ ገደማ ነው። እኛ አገር ይህ ጭንቀት ብዙ ጊዜ በስሙ አይጠራም። ልጁ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ አልነሳም ሲል ቅብጠት ነው ይባላል። አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ሲያደርቅ፣ ወይም ሽንት ቤት አልገባም ሲል ደግሞ «ኦቲዝሙ ባሰበት» ይባልና ጭንቀቱን የሚያክም ሰው ሳይፈለግ ዓመት ያልፋል።

የእሷ ሥራ የሚለየው ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «ምን ተሰማህ?» ብላ አትጀምርም። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ስሜታቸውን ለይተው መሰየም ስለሚቸግራቸው፣ ለዚህ ጥያቄ የሚመጣው መልስ «አላውቅም» ነው ወይም ዝምታ። እሷ የምትጠይቀው «ያን ጊዜ ጭንቅላትህ ውስጥ ምን ታየህ?» ብላ ነው። ቀጥላ ዝርዝሩን ታወጣለች፦ ፎቶ ነው ወይስ ፊልም? ቀለም አለው? ድምፅስ? አንተ ውስጡ ሆነህ ነው የምታየው ወይስ ራስህን ከውጭ እያየኸው ነው? «ውሻ እፈራለሁ» ከሚል ልጅ በዚህ መንገድ «ቡናማ ውሻ፣ አፉ ብቻ ትልቅ ሆኖ፣ ፊቴ ላይ» የሚል ይወጣል። ሁለቱን የሚያክመው ሥራ አንድ አይደለም።

በምስል መጀመሯ ምክንያት አለው። በጭንቅላት የሚታይ ምስል ያንኑ ነገር በቃል ከማሰብ ይልቅ ስሜትን አብልጦ እንደሚቀሰቅስ በሙከራ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሰውነት ነገሩ አሁን እየሆነ ያለ ያህል ይደነግጣል። ለዚህ ነው «አይዞህ፣ ምንም የለም» የሚለው ማባበያ የማይሠራው፤ ቃሉ ምስሉን አይነካውም።

ይህ ማለት ግን ኦቲዝም ያለበት ሁሉ በምስል ያስባል ማለት አይደለም፤ ይህን ስህተት ባለሙያዎችም ይሠሩታል። አንዳንዱ ልጅ ጭንቅላቱ ውስጥ ምንም አይታየውም። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍርሃቱ ጋር በማይገናኝ ነገር ትፈትሻለች፤ «የቤታችሁ በር ይታይሃል? ምን ዓይነት ነው?» ትላለች። ምስል ለሌለው ልጅ ዓይን አስጨፍኖ «አስብ» ማለት ሰዓት ማባከን ነው፤ እሱ ጋ ፎቶና ቪዲዮ ይዛ ትሠራለች። በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከዚሁ ችግር ተነስተው ነው የሚፈራው ቦታ በግድግዳ ስክሪን ዙሪያውን የሚታይበት፣ መነጽር የማያስፈልገው ክፍል ውስጥ የሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት የመጀመሪያ ጥናት ከ9 ልጆች 8ቱ የሚፈሩትን ነገር መጋፈጥ ችለዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሐሳቡ ግን በስልክ ካሜራም ይሠራል።

ምስሉ ከወጣ በኋላ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። አንድ ኤ4 ወረቀት በቁመቱ ለሁለት፣ በወርዱ ለሦስት ታጥፎ ስድስት ሳጥን ይሆናል። የሚያስፈራው ምስል የሚገባው ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ነው እንጂ መጀመሪያው ላይ አይደለም። ምክንያቱም የልጁ ምስል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በከፋው ሰከንድ ላይ ቆሞ የቀረ ነው፤ መርፌው ሊገባ ሲል፣ መብራቱ ድርግም ሲል። ከፊቱ ሁለት ሳጥን «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» ለሚለው፣ ከኋላው ሦስት ሳጥን «ከዚያስ?» ለሚለው ይቀራል። ብዙ ልጅ አራተኛውን ሳጥን መሙላት ያቅተዋል፤ አስቦት አያውቅማ። እዚያ ላይ አታጣድፈውም፣ እሷም አትሞላለትም። አዋቂ የሞላውን ሳጥን ልጁ ቤቱ ሲገባ አያስታውሰውም። ልጁ የሚወደው ነገር ካለ፣ ባጃጅም ይሁን ካርታ፣ እሱን ይዞ ወደ አራተኛው ሳጥን እንዲገባ ትፈቅዳለች። ሥዕል የሚጠላ ልጅ ሰውን በክብና በመስመር ብቻ ይሠራል፤ አለዚያ እሱ እየነገራት እሷ ትስላለች።

ውሸት ግን ሳጥን ውስጥ አይገባም። «መርፌው አያምም» ተብሎ የተሣለለት ልጅ አንዴ ካመመው በኋላ ወረቀቱንም እሷንም አያምንም። የሚጻፈው «ይቆነጥጣል፤ እስከ አምስት እንቆጥራለን፤ ፕላስተር ይለጠፋል» ነው።

ወረቀቱ ብቻውን ፍርሃት አያጠፋም፤ መጋፈጡ መከተል አለበት። እዚህ ላይ የምናደንቃት ለጥንቃቄዋ ነው። ፀጉር ቤትን እንውሰድ፤ ብዙ ወላጅ የሚቸገርበት ነውና። መጀመሪያ የምታጣራው ልጁ ቶንዶሱን ይፈራዋል ወይስ ድምፁና ንዝረቱ በእርግጥ ያሠቃየዋል የሚለውን ነው። በመቀስ ሲቆረጥ፣ ጆሮው ተሸፍኖ ሲቆረጥ የሚረጋጋ ከሆነ ችግሩ በአመዛኙ የስሜት ሕዋስ ነው። ያን ልጅ ከቶንዶስ ጋር ማታገል ተገቢ አይደለም፤ በመቀስ ይቆረጥ፣ አለቀ። መቀሱም፣ ወንበሩም፣ ፀጉር ቤቱ ያለበት መንገድም የሚያስለቅሰው ከሆነ ግን ፍርሃት ነው፣ ደረጃ ይሠራለታል።

ደረጃው ከስምንት እስከ አሥር ይሆናል፦ የቶንዶሱ ፎቶ፣ የጠፋ ቶንዶስ ጠረጴዛ ላይ፣ በእጅ መንካት፣ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ለአምስት ሰከንድ፣ ከክፍሉ ጥግ በርቶ መስማት፣ በአባት ክንድ ላይ ሲሄድ ማየት፣ ጠፍቶ በራሱ ማጅራት ላይ፣ በርቶ መዳፉ ላይ፣ በመጨረሻ ከጆሮ ኋላ ለሦስት ሰከንድ። የስልኩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ልጁ ራሱ ነው። አንድ ደረጃ በተለያየ ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳይረጋጋበት ወደሚቀጥለው አይታለፍም። የፍርሃቱ መለኪያ ከ0 እስከ 10 ቁጥር አይደለም፤ ብዙዎቹ ልጆች ወይ 0 ወይ 10 ስለሚሉ ሦስት ባለ ቀለም ካርድ ትጠቀማለች።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ወላጅ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ለውጡን ዓይቶ ይደሰትና ቅዳሜ ሰው የሞላበት ፀጉር ቤት ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ከአንድ መጀመር ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ በአንድ ቦታ በአንድ ሰው ብቻ ይለማመድና ሌላ ቦታ ላይ ፍርሃቱ እንዳለ ይገኛል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንድ ቦታ የተማሩትን ብዙ ጊዜ በራሳቸው ወደ ሌላ ቦታ አያሻግሩትም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ቢያንስ በሁለት ቦታና በሁለት ፀጉር አስተካካይ ይደገማሉ።

ታዳጊዎች ላይ ምስሉ ይለወጣል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ራሱን ከውጭ ያያል፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ሁሉም ሲስቅበት። ለዚህ በስልክ ቪዲዮ ትቀርጸዋለች፤ ቪዲዮው ከመታየቱ በፊት ግን «ምን የምታይ ይመስልሃል? እጅህ ስንት ጊዜ ይንቀጠቀጣል? ስንት ሰከንድ ዝም ትላለህ?» ብላ አስቀድማ ታስጽፈዋለች። ሳይጽፍ ያየ ልጅ የሚያየው ቪዲዮውን ሳይሆን የተሰማውን ነው። ደግሞም ምስሉ እውነት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ልጆች ላይ በእውነት ይሳቃል፣ ይደበደባሉም። ያ ሲሆን የልጁን ጭንቅላት ማከም ትታ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋ ትሄዳለች። ለእኛ ከሁሉም የሚበልጥብን ይህ ነው።

«ዛሬ መብራት ይጠፋል?» ለሚል የማያቋርጥ ጥያቄ «አይጠፋም» ማለትን ትከለክላለች። ልጁን የሚያስጨንቀው ጨለማው ሳይሆን አለማወቁ ነውና፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሊጠፋም ላይጠፋም ይችላል፤ ከጠፋ ባትሪው መሳቢያ ውስጥ ነው።» ቤተሰቡ ሁሉ፣ አያትም ሞግዚትም፣ በአንድ ቃል ይመልሳል። ፀበል የሚወስዱ ቤተሰቦችንም አትከራከርም። ልጁ ውኃው ሳይነገረው በራሱ ላይ እንዳይፈስበት ስድስቱ ሳጥን አስቀድሞ እንዲሠራለት፣ ከተቻለም መጀመሪያ በእጁ እንዲነካው ትመክራለች።

የማትሠራውንም እንናገር። ኦቲዝምን አድናለሁ አትልም። ምን እንደታየው በቃል፣ በሥዕል ወይም በካርድ ማመልከት የማይችል ልጅ ላይ ምስል ፍለጋ አትገባም፤ እሱ ጋ የቀኑን ፕሮግራም በፎቶ ማዘጋጀትና የሚያስጨንቀውን ነገር ከአካባቢው መቀነስ ይቀድማል ብላ ወደ እኛ ትመልሳለች። ባሕርዩ በድንገት የተለወጠ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሆድ ድርቀትና እንቅልፍ እንዲታይ ታዛለች፤ ፈዞ የሚቀር ከሆነ የሚጥል በሽታ እንዲመረመር። ራሱን ሲጎዳ ወይም ሲሞት የሚታየው ልጅ ካለ ቀጠሮ አትጠብቅም፣ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ትልካለች። መድኃኒት የሐኪም ሥራ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውንም አታስቆምም።

እህታችን፣ ከልብ እናመሰግንሻለን። ሪፖርትሽ አንድ ገጽ ሆኖ፣ መምህር በሚገባው አማርኛ ተጽፎ፣ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን ይደረግ የሚለውን ይዞ ስለሚመጣ ሥራችንን አቅልለሽልናል።

ልትወስዱ ለምታስቡ ወላጆች፦ አንዱ ክፍለ ጊዜ 50 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻው 15 ደቂቃ የእናንተ ነው፣ ልጁን በር ላይ ጥሎ መሄድ አይቻልም። አብዛኛው ልጅ ከ12 እስከ 14 ክፍለ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ 10 ደቂቃ ልምምድ አለ፤ እሱን የማያደርግ ቤተሰብ ብዙ ለውጥ ባይጠብቅ ይሻላል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ለአንድ ሳምንት ጭንቀቱ የመጣበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የሆነውን፣ ከዚያ በኋላ እናንተ ያደረጋችሁትን በደብተር ጻፉ። ልጁ የሚፈራውን ቦታ ሁለት ሦስት ፎቶ በስልካችሁ፣ የሚወደውን አንድ ዕቃም ያዙ። አሁን ተራ መጠበቅ አለ። ስልኳን እዚህ አንለጥፍም፤ በውስጥ መስመር የልጁን ዕድሜ፣ እንዴት እንደሚግባባና ዋናውን ፍርሃቱን ጽፋችሁ ላኩልን፣ እናገናኛችኋለን።