ለ16 እና ለ28 ጌጅ ቾክ መፍቻ ስትገዙ፦ የትኛው ገንዘባችሁን ያዋጣል?

አሜሪካ ውስጥ ወፍ አደን የጀመሩ ወዳጆቼ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። «ለዚህ ለ16 ጌጄ ቾክ መፍቻ ከየት ላምጣ?» ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ የፌዛንት (የዱር ወፍ ነው) አደን የሚከፈተው በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ ነውና ስልኬ የሚጮኸው ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ነው። ለጾመኛው ደግሞ ጊዜው ያንሳል፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ለማያውቅ፦ ቾክ ማለት የወፍ ጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ እንደ ብሎን በጥርስ የሚታሰር፣ የእርሳሱን አበታተን የሚወስን አጭር ቱቦ ነው፤ ጌጅ ደግሞ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል።

12 ጌጅ ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም። የትኛውም የስፖርት ዕቃ መሸጫ ብትገቡ መፍቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃችኋል። 20ም እንደዚያው ነው። ጣጣው ያለው 16፣ 28 እና 410 ላይ ነው።

የሱቁ ልጅ ሁሌ የሚላት ነገር አለች። «የ20ውን ውሰድ፣ ይሠራል።» አይሠራም! የ16 ጌጅ አፈሙዝ የውስጥ ስፋቱ 16.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የ20ው 15.6። ደህና መፍቻ መሃሉ ላይ ወደ አፈሙዙ የምትገባ ክብ ዘንግ አለችው፤ መፍቻውን ቀጥ አድርጋ የምትይዘው እሷ ናት። የ20ዋን 16 ውስጥ ስትከቷት ትወላገዳለች። የመፍቻው ምላሶችም ቾኩ ጫፍ ላይ ያሉትን ክፍተቶች በጠርዛቸው ብቻ ይነካሉ። ላላ ያለ ቾክ ከሆነ በዕድል ይፈታል፣ ጠበቅ ያለ ከሆነ ግን መፍቻው ሸርተት ይልና ክፍተቱን ቦጫጭቆት ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መፍቻ ቢመጣም የሚይዘው ነገር አያገኝም። የ12ቱ መፍቻ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ። በጣም የሚሸጠው «ለሁሉም ጌጅ» የሚባለው ነው፣ ከ12 እስከ 15 ዶላር። በአንድ ብረት ላይ ደረጃ ደረጃ ተሠርቶ 12፣ 16፣ 20፣ 28፣ 410 ተጽፎበታል። ሲያዩት ያጓጓል። አንድ ጓደኛዬ ኦንላይን አዝዞ ይዞልኝ መጣ፣ ጠመንጃው 28 ነው። የደረጃዎቹ ስፋት እውነትም ይለያያል፤ ውፍረታቸው ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፣ ለ12 የተሠራው። የ28ቱ ቾክ ክፍተት ደግሞ ጠባብ ነው፣ አልገባም። ጓደኛዬ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም፤ በሞረድ አሳስቶ አስገባው፣ ግማሽ ዙር እንደዞረ ምላሱ ቀጭ ብሎ ክፍተቱ ውስጥ ቀረ። ስብራቱን አየነው፤ ውስጡ እንደ ደረቀ ሲሚንቶ ፍርክስክስ ያለ ግራጫ ነገር ነው። ብረት ሳይሆን የቀለጠ ቅይጥ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰበት ርካሽ ዕቃ ነበር። ጠመንጃ ጠጋኙ ስባሪውን አውጥቶ ቾኩን ለመፍታት 60 ዶላር ወሰደ። መፍቻው 14 ዶላር ነበር።

እኔ የምመክረው ሰው የሚንቀውን ነው፤ ከጠመንጃው ጋር በሳጥኑ የሚመጣውን የላሜራ ቁልፍ። ከጠፋባችሁ ወይም ጠመንጃውን ያገለገለ ገዝታችሁ ሳይኖረው ከመጣ፣ ከአምራቹ የመለዋወጫ ክፍል እዘዙ። ከ8 እስከ 12 ዶላር ገደማ ነው። የሚያናድደው ሺፒንጉ ነው፤ ከዕቃው ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረው። ቢሆንም ልክክ ብሎ ይገባል፣ ምክንያቱም ለዚያ ቾክ ተብሎ ነው የተቆረጠው። ጣት ያማል፣ ጉልበትም አይሰጥም ይሉታል። እኔ ግን የምወድለት ይህንኑ ነው። የ28 እና የ410 በርሜል ጫፉ ላይ ስስ ነው፣ ቾኩም እንደዚያው። በትልቅ እጀታ ጥርቅም አድርጎ ያሰረ ሰው በኋላ ሲፈታ ያለቅሳል፤ በዚህች ላሜራ ግን ከልክ በላይ ላጥብቅ ብትሉም አትችሉም።

ስታዙ «16 ጌጅ» ማለት ብቻ አይበቃም። የቾኩን ዓይነት ስም ጨምሩ። ጠመንጃ አምራቹ ብራውኒንግ ብቻ እንኳ ኢንቬክተር፣ ኢንቬክተር ፕላስ እና ኢንቬክተር ዲኤስ የሚባሉ አሉት፤ በ2016 በአዲስ መልክ የወጣው ባለ 16 ጌጁ ኤ5 ስዊት ሲክስቲን የሚወስደው ዲኤሱን ነው። ቤሬታም ሞቢልቾክ አለው፣ ኦፕቲማ አለው። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ በርሜሉ ላይ ወይም ቾኩ ጎን ላይ ተቀርጿል፣ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩለት። የድሮው ስዊት ሲክስቲን ያላችሁ ደግሞ አፈሙዙን በደንብ እዩት፤ ብዙዎቹ ቾካቸው ከበርሜሉ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ የሚፈታ ነገር የለም። ለእነሱ መፍቻ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የዚህችም ላሜራ ቅጂ ሞልቷል። ኦሪጅናሉ ጠርዙ ተሞርዷል፣ ጣት ብታሳልፉበት አይቧጥጥም። ቅጂው ከማሽን እንደወጣ ነው፣ ሹል ጠርዙ ክር ይመዝዛል። ፎቶው ላይ ካልታየ ሻጩን በቅርብ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት፤ እምቢ ካለ እለፉት።

ባለ ቲ እጀታው ከ18 እስከ 25 ዶላር ነው። ስፖርቲንግ ክሌይ (በሚወረወር የሸክላ ዒላማ ላይ የሚደረግ የተኩስ ውድድር) እየተኮሰ በየጣቢያው ቾክ ለሚቀይር ሰው ደህና ነው፣ ግን ለአንድ ጌጅ ብቻ የተሠራውን፣ ያውም ቾክ ከሚሠራ ድርጅት። እየተሽከረከረ የሚፈታው ረጅም መፍቻ ደግሞ ከ25 በላይ ነው፣ ለ28 ማግኘቱም መከራ ነው። እኔ አልወደውም። ቾክ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት ማዞር አለባችሁ፣ ጥርሱ ተጣሞ መግባቱን የሚነግራችሁ ጣታችሁ ነው።

ከናካቴው መፍቻ አልፈልግም የሚል ከአፈሙዙ ወጣ ብሎ በእጅ የሚዞረውን ቾክ ይግዛ። ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። አንዱ ከ40 እስከ 90 ዶላር ነው፤ ለ16 እና ለ28 ቅናሽ የሚባል ነገር ብዙም አይመጣም። ሦስት ከገዛችሁ ቢያንስ 120 ወጣ ማለት ነው፣ የ10 ዶላር ላሜራ ላለመግዛት! እሱም በተኩስ ብዛት ስለሚላላ በየመሃሉ በእጅ መፈተሽ አለበት።

በሳንቲም የሚፈቱም አሉ። ኳርተር (የአሜሪካ 25 ሳንቲም) ውፍረቱ 1.75 ሚሊሜትር ነው፣ ዳይም (10 ሳንቲሙ) 1.35፤ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ዳይሟ ትገባ ይሆናል። ስትሸረተት ግን አፈሙዙን ትፍቃለች። ፒንሳና ካቻቢቴማ አታንሱት።

ምንም ከማዘዛችሁ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡና በ15 ዶላር ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ) ሁለት ነገር ለኩ፦ የአፈሙዙን የውስጥ ስፋትና የክፍተቱን ስፋት። 410 ያላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ጌጅ ሳይሆን የኢንች ልኬት መሆኑን አትርሱ፤ 10.4 ሚሊሜትር ነው።

ቾኩ ካልተፈታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጥርሱ ላይ ጠብ አድርጉና አሳድሩት፣ ጠዋት ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት፤ የ60 ዶላሩን ሥራ የበርሜል ዋጋ አታድርጉት። ሲፈታ ጥርሱን ጠርጋችሁ የቾክ ግሪስ በስሱ ቀቡ። ቾክ ሳይኖርበት ግን አንድም ጥይት አትተኩሱ፣ የበርሜሉ ጥርስ ይበላል።

ላሜራዋን ስታዙ ሁለት እዘዙ፣ ሺፒንጉ ያው ነው። አንዷን ከጠመንጃው ማኅደር ጋር በክር እሰሯት።