ላላመጡልን ምግብም ጭምር

ከግቢያቸው ካፌ የተረፈ ምግብ የሚያመጡልንን ተማሪዎች በአደባባይ ላመሰግናቸው ካሰብኩ ቆይቻለሁ። «ስማችንን እንዳትጠራ» ብለው አስምለውኝ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። እሺ፣ ስማቸውን አልጠራም፤ ሥራቸውን ግን ልናገር።

ማረፊያ ለሌላቸው ሰዎች ማታ ማታ ራት የምናቀርብበት መጠለያ አለ፤ እኔ የማዕድ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ሁለት ተማሪዎች በሩን አንኳኩና «ጋሼ፣ ከግቢያችን ካፌ የሚተርፈውን ምግብ ብናመጣላችሁ ትቀበሉናላችሁ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ፊት ነሳኋቸው። «የተረፈ» ሲባል እኔ የሚታየኝ ቡሌ ነው፤ ሰው ከበላበት ሳህን እየተራገፈ የተደባለቀ። ከዚያ በፊትም ከአንድ ድግስ ተርፎ የተላከልን ምግብ ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ከክፍሉ አስወጥቶን ያውቃል። የራበው ሰው ያገኘውን ይብላ የሚል ሰው ደግሞ ደሜን ያፈላዋል።

ከሁለቱ አንዷ ልጅ አልተቀየመችም። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከተመጋቢ ፊት የተነሳውን ጨርሶ አይነኩትም። እነሱ የሚወስዱት ተሠርቶ ከማዕድ ቤት ያልወጣውን፣ ማንኪያ ያልገባበትን ነው። ካፌው በዕለቱ ስንት ተማሪ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ዝናብ ከጣለ ወይም ፈተና ካለ ሰው ይቀንሳል። ግን ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆመው ተማሪ ባዶ ሳህን ይዞ እንዳይመለስ ሁልጊዜም ጨመር አድርጎ ይሠራል። ያ ጭማሪ ነው በር ሲዘጋ ቆሻሻ ውስጥ የሚደፋው።

ካፌው በእጁ ያለውን ምግብ ለምን ራሱ አይሰጥም ብዬ ጠየቅኳት። ፈርተው ነው አለች። አንድ ሰው ቢታመም ማን ይጠየቃል? ፍርሃቱ የትም አገር ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ በቅን ልቦና ምግብ የሚለግስን ሰው፣ ከባድ ቸልተኝነት እስካልተገኘበት ድረስ፣ ከተጠያቂነት ይከላከላል። ከዚያም እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከካፌያቸው የተረፈውን መሰብሰብ ጀምረው ነገሩ ወደ ብዙ ግቢዎች ተዛመተ። በየአገሩ ሕጉ ስለሚለያይ መጀመሪያ የራሳችሁን አንብቡ።

አሁን ወደ አሠራራቸው ልግባ፤ ያስገረመኝ እሱ ነውና። ጓንትና የፀጉር መሸፈኛ አድርገው ይመጣሉ። ቴርሞሜትር አላቸው። ትኩሱ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይሆን ይለካሉ፤ በሁለቱ መሃል ጀርም እንደ ልቡ ይራባል። እዚያ መሃል ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ነገር አይጫንም። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝ ወይም ስንዴ እንዳለበት ተጽፎ ይለጠፋል። እኛም ስንረከብ ደግመን ለክተን እስከ 74 ዲግሪ እናሞቀዋለን።

አንድ ማታ መኪናቸው መንገድ ላይ ቆመ። አርባ ሰው ራት እየጠበቀ ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ ሩዙን ደፍተነዋል።» ጮህኩባት። ሁለት ትልልቅ ትሪ ሙሉ ሩዝ! አምጪው፣ እኛ እናሞቀው ነበር አልኳት። ልጅቷ ድምፅዋን ሳትቀይር መለሰችልኝ፦ ሰዓቱ አልፎበታል፤ ለብ ብሎ የቆየ ሩዝ ላይ የሚራባ ባክቴሪያ አለ፤ እሱ የሚተወውን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ዝም አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቶሎ የማይበላሽ ዳቦና ፍራፍሬ ተሸክመው ደረሱ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅሁትን አደረጉ፤ ራት ለሚጠብቁት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ምን እንደተፈጠረ ነግረው ይቅርታ ጠየቁ። አንድ አባት «እኛን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ ከዚያ ማታ ጀምሮ አመንኳቸው። ከሚያመጡት ይልቅ ያላመጡት ነው ያሳመነኝ።

ሌላም አለ። የተረፈውን ሁሉ በሚዛን መዝነው ይጽፉና በየወሩ ለካፌው ኃላፊዎች ይሰጣሉ፤ በየትኛው ቀን የትኛው ምግብ በብዛት እንደሚተርፍ ያሳያቸዋል። ካፌው ይህን አይቶ አንዳንዱን መቀነስ ጀመረ። ስለዚህ ለእኛ የሚደርሰውም አነሰ። ቅር አላለኝም ብል ውሸቴን ነው፤ ግን ትክክሉ እሱ ነው፣ ከመነሻው እንዳይተርፍ ማድረግ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ 28 በመቶው ከምግብ ቤቶችና ከካፌዎች የወጣ ነው። 60 በመቶው ግን ከየቤታችን ነው፤ ስለዚህ ጣታችንን ካፌ ላይ ብቻ አንቀስር።

እንከን የላቸውም አልልም። ግቢው ሲዘጋ እነሱም ይጠፋሉ፤ ያኔ በራሳችን መቻል አለብን። ደግነቱ ፕሮግራማቸውን ከወር በፊት ያሳውቁናል። ዳቦ ደግሞ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይመጣል፤ ሦስት ጆንያ ዳቦ ምን እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ ያደርኩበት ቀን አለ።

መጠለያ፣ የአረጋውያን ማዕከል ወይም የሕፃናት ማሳደጊያ የምትመሩ ሰዎች፣ አቅራቢያችሁ ያለ ግቢ ሄዳችሁ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮን ጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ቡድን ካለ ያገናኟችሁ። ስትነጋገሩ መጀመሪያ ስለ ቴርሞሜትራቸው ጠይቁ። መልሱ ከተንተባተበ ተዉት። ካፌ የምታስተዳድሩም፣ ልጆቹ ሲመጡ እንደ እኔ ፊት አትንሷቸው።

ልጅቷ ዘንድሮ ትመረቃለች። ባለፈው ሳምንት አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይዛ መጣች። ልጁ ቴርሞሜትሩን ትሪው መሃል ላይ ሰክቶ ቁጥሩን አነበበና ሊጽፍ ሲል እጁን ያዘችው።

«ጠርዙንም ለካ። መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው እሱ ነው።»