ባለ 20 ቁልፍ ኮንሰርቲና ወይስ ባለ 30? ከመግዛታችሁ በፊት

ባለ 20 ቁልፏ ኮንሰርቲናዬ አዲስ ባለቤት ትፈልጋለች። ያለችው ጎንደር ነው፤ ለጀማሪ የምትሆን፣ ያገለገለች ዕቃ ናት። ግን የምትወዱትን ቅኝት ካላወጣችላችሁ ገንዘባችሁ ባከነ ማለት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከሌሎቹ ጋር አወዳድሩ።

ለማታውቋት፣ የአኮርዲዮን ትንሿ ዘመድ ናት። መሃሏ ወናፍ ነው፣ ቁልፎቿ ግራና ቀኝ ጫፏ ላይ ናቸው። የእኔ ዓይነቷ መነሻዋ ኡህሊግ የተባለ ጀርመናዊ በ1834 እ.ኤ.አ. የሠራት ናት፤ አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲገፋ አንድ ድምፅ፣ ሲሳብ ሌላ ድምፅ ይሰጣል።

ትዝታን እንዴት እንደምታወጣ ላሳያችሁ። ቀኝ እጅ፣ የዶ መደዳ (በዶ የተቃኘው የቁልፍ ረድፍ)። አንደኛው ቁልፍ ወናፉ ሲገፋ ዶ፤ ሁለተኛው ሲሳብ ሬ፣ ያው ቁልፍ ሲገፋ ሚ፤ ሦስተኛው ሲገፋ ሶል፤ አራተኛው ሲሳብ ላ። ይኸው ትዝታ ሜጀር! አምባሰልን ከሚ ጀምሩት፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ባቲም ያለ ችግር ይወጣል። አንቺ ሆዬ ግን በፍጹም አይወጣም፤ ያላት የዶና የሶል መደዳ ብቻ ስለሆነ ለእሱ የሚያስፈልጉት ግማሽ ድምፆች ይጎድሏታል።

አንቺ ሆዬ ካላችሁ እንግዲህ ባለ 30ዋን ፈልጉ። ሦስተኛው መደዳዋ የጎደሉትን ይሞላል። ዋጋዋ ከፍ ይላል፣ ለጀማሪም ጣት ታደናግራለች፣ ቢሆንም አዋጪ ናት።

የእንግሊዟ ደግሞ ሌላ ናት። ዊትስቶን የተባለ እንግሊዛዊ የፈጠራት ስትሆን አብዛኛውን ጊዜ 48 ቁልፍ አላት፤ ብትገፉም ብትስቡም ድምፁ አይቀየርም። ቀስ ብሎ ለሚዘፈን ትዝታ እሷን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በየድምፁ ወናፉን መመለስ የለም። ለእስክስታ ምት ግን ግፊያና ስበቱ ራሱ ምቱን ስለሚሰጥ የእኔ ዓይነቷ ትሻላለች።

ከማሲንቆ ወይም ከክራር ጋር ለመጫወት ካሰባችሁ፣ የትኛዋም ብትሆን ድምፅዋ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ እነሱ ወደ እሷ ይቃኙ።

ያገለገለች ስትገዙ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ሌላውን ልቀቁት። ምንም ቁልፍ ሳትነኩ ወናፉ ቶሎ ከተዘረጋ አየር ያስወጣል ማለት ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ቁልፍ ስትገፉም ስትስቡም አሰሙት፣ አንድም አትዝለሉ፤ ውስጥ ያለው የብረት ምላስ በአንድ በኩል ብቻ ዝም ሊል ይችላል።

የእኔ ወናፍ ደህና ነው። በግራ በኩል አንድ ቁልፍ አለ፣ ክረምት ላይ እርጥበት ሲበዛ ተጭኖ ቶሎ አይመለስም፤ በበጋ ደህና ይሠራል። የምትፈልጉት ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ከሆነ መጥታችሁ ሞክሯት፣ በዋጋው አንጣላም።